የካፒቴኑ ሸሚዝ ቀለም ምን ነበር?

ካፒቴን ከርክ የሚለብሰው ሸሚዝ ቀለሙ ምንድን ነው? «ስታር ትሬክ»ን አንድ ክፍል እንኳ ያየ ሰው ሳያመነታ «ወርቃማ ቢጫ» ይላል። ተከታታዩን ጨርሶ የማያውቅ ሰውም ፎቶውን ብታሳዩት ያንኑ ነው የሚላችሁ። ልብሱን የነደፈው ዊሊያም ዌር ታይስ ግን ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ሌላ ነበር፦ ሸሚዙ አረንጓዴ ነው። ወደ አቮካዶ ሥጋ የሚጠጋ፣ ቢጫ የነካካው አረንጓዴ። ቢጫ ያደረጉት የስቱዲዮው መብራትና የዘመኑ ፊልም ናቸው።

ነገሩ ምስጢር አይደለም፤ ፍንጩ ራሱ ተከታታዩ ውስጥ አለ። ከርክ አንዳንድ ክፍሎች ላይ ደረቱ ላይ ተደራርቦ የሚዘጋ ሌላ ሸሚዝ ይለብሳል። ለትልልቅ ሥነ ሥርዓት ደግሞ የሚያብለጨልጭ የክብር ልብስ አለው። ሁለቱም በግልጽ አረንጓዴ ናቸው። ሦስቱም ልብሶች ግን የታሰቡት በአንድ ቀለም ነው፤ በአዛዥነት ቀለም። ልዩነቱን ያመጣው ጨርቁ ነው። የዘወትሩ ሸሚዝ ቬሎር ነው፤ እኛ ከፋይ የምንለው ዓይነት፣ ላዩ ላይ አጭር ፀጉር ያለው ጨርቅ። ያ ፀጉር ለካሜራው የሚመልሰው ብርሃን የሌሎቹ ጨርቆች ከሚመልሱት ተለየ። ስለዚህ አንዱ ቀለም በካሜራ በኩል ሁለት ሆኖ ወጣ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሰፋ ሸሚዝ ቀለም ማንን ያስጨንቃል? የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አሉ፤ ጥቂትም አይደሉም። ቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና ያስቀመጡ፣ አንድን ትዕይንት መቶ ጊዜ እያቆሙ የእጅጌ ስፌት የሚቆጥሩ፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ ፍለጋ ወራት የሚያጠፉ። ዓለም ኮስፕለየር ይላቸዋል። ብዙ ሰው ደግሞ «ሥራ የፈቱ» ይላቸዋል። እኔ ግን ሃያሲ እላቸዋለሁ። አንድን የቴሌቪዥን ልብስ ከእነሱ በላይ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው የለም። በዚህ ጽሑፍ የማነሳውም ያ ንባባቸው የቱ ጋ ጥልቅ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ደግሞ እንደሚሳሳት ነው።

ልምዱ ከ«ስታር ትሬክ» ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ «የመጪው ዘመን ልብስ» ለብሰው ተገኙ። ሁለቱንም ልብሶች የሰፋችው ሚርትል ነበረች። ለረጅም ጊዜ ስሙ የሚነሳው ግን የእሱ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) «ስታር ትሬክ» የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 1966 ነው። ሦስት ዓመት ታየ፣ 79 ክፍል ተላለፈ፣ ከዚያ ተሰረዘ። በድጋሚ ስርጭት ግን ነፍስ ዘራ። በ1979 ፊልም ሆነ፣ በ1987 አዲስ ተከታታይ ወለደ፣ እስከ ዛሬም እየተሠራ ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ተከታታይ አንድ ልብስ የለውም፤ ሙሉ የልብስ ታሪክ ነው ያለው።

ለማን ነው መታመን?

ወደ ሸሚዙ እንመለስ። የከርክን ሸሚዝ ልስፋ ያለ ሰው ገና ጨርቅ ሳይገዛ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ታማኝነቴ ለማን ነው?

ለዕቃው ከሆነ አረንጓዴ ይገዛል። ውጤቱ ታይስ ስቱዲዮ ውስጥ በእጁ ከነካው ልብስ ጋር አንድ ይሆናል፤ ጉባኤው ላይ ግን ማንም አያውቀውም። «አሪፍ ነው፣ ግን ቀለሙን ስተሃል» ይሉታል። ለምስሉ ከሆነ ወርቃማውን ይገዛል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን እንዲህ ያለ ሸሚዝ ስቱዲዮው ውስጥ ተሰቅሎ አያውቅም። ሦስተኛም አለ፤ ለትዝታ መታመን። በልጅነት፣ ቀለሙ በሚዋዥቅ አሮጌ ቴሌቪዥን የታየው ሸሚዝ ከሁለቱም ይለያል።

አንዳንዶች አራተኛ መንገድ ይሞክራሉ። ጨርቁን አረንጓዴ አድርገው ይነክሩትና በተወሰነ መብራት ፎቶ ሲነሳ ቢጫ እንዲመስል ይለፋሉ። ይህ እብደት ይመስላል። ለእኔ ግን ከብዙ የቴሌቪዥን ሂስ የበለጠ ነገር የሚያስረዳ ሙከራ ነው። የሚያሳየን የቴሌቪዥን ልብስ ብቻውን ልብስ አለመሆኑን ነው። ግማሹ ጨርቅ፣ ግማሹ መብራት ነው። ታይስ ግማሹን ሠራ፤ ሌላውን ግማሽ የመብራት ባለሙያው፣ የፊልሙ ኬሚካልና በየሳሎኑ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ጨረሱት።

ዘመኑንም እናስታውስ። በ1966 መኸር ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ ጣቢያዎች የምሽት ፕሮግራማቸውን ወደ ቀለም አዙረው ነበር። «ስታር ትሬክ»ን ያሰራጨው ኤንቢሲ ደግሞ ባለቤቱ አርሲኤ ነበር፤ አርሲኤ የቀለም ቴሌቪዥን ይሸጥ ነበር። የመርከቧ ሠራተኞች ወርቃማ፣ ሰማያዊና ቀይ ለብሰው ግራጫ ግድግዳ ፊት ሲቆሙ ልብሱ ታሪክ ብቻ አልነበረም የሚናገረው። «ይህን ለማየት አዲስ ቴሌቪዥን ያስፈልግሃል» ይል ነበር። ይህን ሳያውቅ የቀለሙን ድምቀት «የስልሳዎቹ ጣዕም ነው» ብሎ የሚያልፍ ተቺ ግማሹን አላየም።

ምረጥ ብትሉኝ ወርቃማውን እመርጣለሁ። የጥበብ ሥራው ማያ ገጹ ላይ ያለው ነው፤ መስቀያው ላይ የተንጠለጠለው አይደለም። አረንጓዴውን የሚሰፋ ሰው ግን ክብር ይገባዋል። እሱ ባይኖር ኖሮ የምናየው ነገር የተሠራ መሆኑን እንረሳ ነበር።

መርፌው የሚያየው

አንድን ልብስ በማየትና በመስፋት መካከል ያለው ልዩነት፣ ወጥን በማሽተትና በመሥራት መካከል እንዳለው ነው። ስትሰፉት ተመልካች የማያየውን ታገኛላችሁ።

የከርክ ሸሚዝ አዝራር የለውም፣ ዚፕም አይታይም። ታዲያ በየት በኩል ነው የሚለበሰው? ፎቶ የሚያጠኑት ሰዎች መልሱን አግኝተውታል፦ ዚፑ ከአንገት ወደ ብብት በሚወርደው የእጅጌ ስፌት ውስጥ ተደብቋል። ኪስም የለም። የጦር መሣሪያውና መገናኛው ወገብ ላይ የሚጣበቁት በቬልክሮ ነው። ሱሪው አጠር ብሎ ከታች ሰፋ ይላል፤ ጥቁሩ ቡት እንዲታይ ተብሎ። እጅጌው ላይ ያለው ሞገድ የሚመስል ወርቃማ ጥልፍ ማዕረግ ነው። ካፒቴን ሁለት ሙሉ መስመርና በመካከላቸው አንድ የተቆራረጠ መስመር አለው፤ ጀማሪው መኮንን ምንም የለውም። የዚህ ሁሉ ሐሳብ አንድ ነው፦ የወደፊቱ ሰው ልብስ ሲሠራ አይታይም። ስፌቱ፣ ማሰሪያው፣ ልፋቱ ሁሉ ተሰውሯል።

ልፋቱ ግን ነበር። ቬሎሩ በላውንድሪ በተመላለሰ ቁጥር እየጠበበ አስቸገረ። በሦስተኛው ዓመት የዘወትሩ ሸሚዝ ወደ ናይለን ጨርቅ ተቀየረ። ዛሬ ጠንቃቃ ተመልካች አንድን ፎቶ አይቶ «ይሄ ሦስተኛው ዓመት ነው» የሚለው በጨርቁ ነው። የቤተ መዛግብት ሰው ብራናን በቀለሙና በጽሕፈቱ ዘመን እንደሚሰጠው ማለት ነው።

የሴቶቹ ልብስ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ የሙከራ ክፍሎች ሴቶቹም ሱሪ ነበር የለበሱት። ተከታታዩ ሲጀመር ግን እጅግ አጭር ቀሚስ መጣ። ይህን ቀሚስ በፓተርኑ መሠረት የሰፋች ሴት በአምስት ደቂቃ ውስጥ የምትረዳው ነገር አለ፦ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ቀሚሱም አብሮ ይነሳል። ጎንበስ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከቀሚሱ ጋር አንድ ቀለም ያለው የውስጥ ሱሪ የልብሱ አካል ሆኖ ነው የተሠራው። ገላጣነቱ ድንገተኛ ሳይሆን የታቀደ ነው ማለት ነው። ታይስ ራሱ ስለ አለባበስ የሚታወቅበት አንድ መላ ምት ነበረው፦ ልብስ የሚማርከው ገላን በማሳየቱ ሳይሆን አሁን ሊወልቅ ነው በሚያሰኘው መጠን ነው።

እዚህ ጋ ቶሎ ለመፍረድ አንቸኩል። ኡሁራን ሆና የሠራችው ኒሼል ኒኮልስ ያ አጭር ቀሚስ በዘመኑ የነፃነት ምልክት እንደነበር፣ እንዳላዋረዳትም ደጋግማ ተናግራለች። ቃሏን አከብራለሁ። መርፌው የሚያሳየውን ግን ቃሏ አያጠፋውም፤ ወንዱ ሊሮጥበት የተሠራ ልብስ ለብሷል፣ ሴቷ ልትታይበት የተሠራ። በ1987 የመጣው «ቀጣዩ ትውልድ» ነገሩን ለማስተካከል ሞክሮ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ኮሪደሩ ላይ ቀሚስ መሳይ አጭር ዩኒፎርም ለብሰው የሚያልፉ ወንዶች አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ወንዶቹ ቀሚሳቸውን አወለቁ። እነዚያን ወንዶች ዛሬ የሚያስታውሳቸው ማነው? ያንን ልብስ ሰፍተው፣ ጢማቸውን አሳድገው፣ ጉባኤ የሚመጡት ወንዶች ናቸው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ተከታታዩ የገባውን፣ ያልፈጸመውንም ቃል በአደባባይ የሚያስታውስ ቀልድ ነው።

ያው ተከታታይ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዩኒፎርም ከሚለጠጥ ስፓንዴክስ የተሰፋ አንድ ወጥ ቱታ ነበር። በማያ ገጹ ላይ ቅልብጭ ያለ ነው። ለለባሹ ግን መከራ ነበር። ትከሻና ጀርባ ጨምድዶ ይይዛል፣ ላብ ይዞ ይቀራል። የጀርባ ሕመም ሲመጣ ዋናው ተዋናይ ፓትሪክ ስቱዋርት ለውጥ ጠየቀ። ከ1989 ጀምሮ ሮበርት ብላክማን ላይና ታች የተከፈለ የሱፍ ዩኒፎርም አመጣ። አዲሱ ልብስ ስቱዋርት በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ወደ ላይ ይሸሽ ስለነበር በሁለት እጁ ወደ ታች መሳብ ልማዱ ሆነ። ያቺ እንቅስቃሴ በአድናቂዎች ዘንድ የራሷ ስም ወጣላት፤ የካፒቴን ፒካርድ ጠባይም ሆነች። እስቲ አስቡት፦ የሥልጣንና የጭምትነት ምልክት አድርገን ያየነው ነገር የጀመረው ከሚሸሽ ሸሚዝ ነው። ይህን ለመረዳት ልብሱን ሰፍቶ፣ ለብሶ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ይበቃል።

የሚያየው ዓይን ልብሱን ሲቀይረው

የአድናቂው ምርመራ አንድ ሌላ ውጤት አለው። በመጨረሻ ልብስ ሠሪውን ራሱን ይቀይረዋል።

ደረት ላይ ያለውን የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት ውሰዱ። ለአሥርት ዓመታት አድናቂዎች የሚያምኑት ምልክቱ የኢንተርፕራይዝ መርከብ ብቻ እንደሆነ ነበር። በአሮጌው ተከታታይ የሌሎች መርከቦች ሰዎች ሌላ ምልክት ለጥፈው ይታያሉና። በኋላ ግን በ1967 ከፕሮዳክሽኑ የተጻፈ ማስታወሻ ይፋ ሆነ። አዘጋጁ ሮበርት ጀስትማን ለታይስ የጻፈው ነው፤ የሌላ መርከብ ሠራተኞችም ያንኑ ምልክት ማድረግ ነበረባቸው የሚል። ማለትም ብዙ ሰው እንደ ሕግ ሲያጠናው የኖረው ልዩነት ቢያንስ በከፊል የሥራ ስህተት ነበር። አንድ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ የጠለፈው ምልክት ከስህተት የተወለደ ሆነ። ግን በቃ፣ ስህተቱም ታሪክ ሆኗል። የጥንት ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች የገልባጭን ስህተት እንደሚጠብቁት፣ እነዚህም ይጠብቁታል።

አሁን ወደ 2017 ዝለሉ። «ዲስከቨሪ» የተባለው ተከታታይ ሲመጣ ልብሱን የነደፈችው ጌርሻ ፊሊፕስ ነበረች። የዩኒፎርሙ ጎን ላይ የሚያብረቀርቅ ጥለት አለ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ጥለቱ የዚያው ምልክት ጥቃቅን ቅጂዎች ስብስብ ነው። ከሩቅ ሲታይ መስመር ብቻ ይመስላል። ይህ ልብስ የተሠራው ቆም አድርጎ፣ አጉልቶ፣ ጥርት ባለ ማያ ገጽ ለሚያይ ዓይን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለመርማሪው አድናቂ።

ሥራው የሚደነቅ ነው። ግን አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የታይስን ሸሚዝ ማንም ልብስ ሰፊ በአንድ ቅዳሜ ሊሠራው ይችላል፤ ሦስት ሜትር ጨርቅ፣ ጥቁር አንገትጌ፣ ትንሽ ጥልፍ። የ«ዲስከቨሪ»ን ልብስ ለመሥራት ግን ልዩ ማተሚያ ያስፈልጋል። መርማሪውን ለማስደሰት የተጨመረው ዝርዝር ራሱን መርማሪውን ከስፌት መኪናው አስነሥቶ ገዢ አደረገው። ቀላል ልብስ ግብዣ ነው፤ «አንተም ሞክረው» ይላል። የተራቀቀው ልብስ «እየኝ እንጂ አትንካኝ» ይላል። ለዚህ ነው የስልሳዎቹ ሸሚዝ፣ ርካሽ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ሐሳብ የበለጠ የሚሠራው።

የ1982ቱ ፊልም መሀል መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ሜየር ታሪኩን እንደ ባሕር ኃይል ነበር ያየው። ሮበርት ፍሌቸርም ለመኮንኖቹ ጥቁር ቀይ ጃኬት ሠራላቸው፤ ደረቱ ላይ ተደራርቦ የሚዘጋ፣ ሲከፈት ነጭ ገበሩ የሚታይ፣ ወታደራዊ ግርማ ያለው። ለመሥራት ከባድ ነው። ውስጥ የሚለበሰው ሸሚዝ አንገትጌ ብቻውን፣ በስፌት መሃል እየተሞላ ጎላ ጎላ የሚል መስመር ስላለው፣ ጎበዝ ሰፊን ያስለቅሳል። ግን በእጅ የሚሠራ ነው። በትዕግሥት ይደረሳል።

እውነተኛው የቱ ነው?

ቅጂ ሲባል ሁልጊዜ «ዋናው» የት አለ የሚል ጥያቄ ይከተላል። በኦክቶበር 2006 ኒውዮርክ ላይ ክሪስቲስ የተከታታዩን ዕቃዎች ለጨረታ አቀረበ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዕጣዎች ነበሩ፤ በሦስት ቀን ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ዩኒፎርሞች፣ ጆሮዎች፣ ሞዴል መርከቦች ሁሉ ሄዱ።

ከገዢዎቹ አንዱ ዳታ የተባለው ሮቦት ካርታ ሲጫወት የሚያደርገው ነው የተባለ የግንባር መከለያ በ6,000 ዶላር ገዛ። ይዞትም የዳታን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ብሬንት ስፓይነር ዘንድ ለፊርማ ሄደ። ገዢው እንደሚለው ተዋናዩ «ይሄ የእኔ አይደለም፤ የእኔን ድሮ ሸጬዋለሁ» አለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁም ነገሩ ማን አታለለ የሚለው አይደለም። የቴሌቪዥን ልብስ ከመነሻውም አንድ ሆኖ አያውቅም። ለቀረጻ፣ ለመጠባበቂያ፣ ተዋናዩን ተክቶ ለሚወድቀው ሰው እየተባለ ይባዛል። «ዋናው» ራሱ ቅጂ ነው። እንግዲህ በጨረታ ብዙ ሺህ ዶላር የከፈለው ሰው የገዛው ጨርቁን አይደለም፤ የተዋናዩን ላብ ነው። ቤቱ የሰፋው ሰው ደግሞ ያለው የራሱ ላብ ነው። የትኛው ወደ ሥራው እንደሚቀርብ ለመናገር ያን ያህል ቀላል አይደለም። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያው ልብሱን መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ልብሱ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ ያውቃል።

ባለቤቱስ ማነው?

እስከ 2016 ድረስ አድናቂዎች ልብስ ሰፍተው፣ መርከብ ሠርተው፣ የራሳቸውን ፊልም ሲቀርጹ ባለመብቶቹ ኩባንያዎች ባብዛኛው ዝም ይሉ ነበር። «አክሳናር» የተባለ፣ በሕዝብ መዋጮ ብዙ ገንዘብ የሰበሰበ የአድናቂ ፊልም ግን ወደ ክስ አመራ። በ2016 ሲቢኤስና ፓራማውንት ለአድናቂ ፊልሞች መመሪያ አወጡ። አንድ ክፍል ከ15 ደቂቃ አይበልጥ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከ50,000 ዶላር አይለፍ ይላል። ስለ ልብስም አንድ አንቀጽ አለው። ገበያ ላይ የሚሸጥ ዩኒፎርም ከተጠቀማችሁ ፈቃድ ያለው ምርት ይሁን፤ አስመስሎ የተሠራ አይሁን።

መመሪያው እቤት መስፋትን አይከለክልም። ኩባንያዎቹ ንብረታቸውን መጠበቃቸውም አይገርምም። የሚገርመው የዓረፍተ ነገሩ አሽሙር ነው፤ ሳያስበው «እውነተኛ» የሚለውን ቃል ትርጉም ለወጠው። ጨርቁ የተሳሳተ፣ ዚፑ ከኋላ የተሰፋ፣ ግን ማኅተም ያለው ልብስ ሕጋዊ ነው። ስፌቱ ሁሉ ልክ የሆነ፣ አንዱ ጎበዝ ሰፊ ለሌላው ሠርቶ የሸጠለት ልብስ ግን «አስመሳይ» ይሆናል። ታማኝነት በሕግ ቋንቋ ደረሰኝ ሆነ ማለት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ? ይህም ልብስ የሚቀደደው ወዲያና ወዲህ በሚጎትቱት እጆች መካከል ነው።

ልኩ የማን ነው?

እስካሁን መርማሪዎቹን አመስግኛለሁ። አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። ስፌት መቁጠር የለመደ ዓይን አንዳንዴ ሰውንም መቁጠር ይጀምራል። «ሸሚዝህ ልክ ነው፤ ግን ከርክ እንዳንተ አይወፍርም።» «ቆንጆ ነው፤ ግን ጥቁር ፒካርድ የለም እኮ።» ይህ በየጉባኤው አዳራሽና በየፎቶው ሥር የሚባል ነገር ነው። በ2015 በአሜሪካ ጥቁር ኮስፕለየሮች የፌብሩዋሪን 28 ቀናት በፎቶዎቻቸው የሞሉት፣ ከዚያም በየዓመቱ የደጋገሙት፣ እንዲህ ያለው ነገር ስለሰለቻቸው ነው።

አንድ ነገር ተረስቷል። ሱፐርማንን የለበሰ ሰው ሱፐርማን ነኝ ማለቱ ነው፤ ያ ልብስ የአንድ ሰው ነው። የ«ስታር ትሬክ» ልብስ ግን ዩኒፎርም ነው። ዩኒፎርም የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ለብሶት ከርክ መሆን የሚፈልግ አለ፤ ብዙዎቹ ግን የራሳቸውን ስም ይዘው፣ የራሳቸውን ማዕረግ መርጠው፣ እንደ አንድ የመርከቧ ሠራተኛ ነው የሚመጡት። ልብሱ «እንዲህ ምሰል» አይልም። «ቦታ አለህ» ነው የሚለው። በሳይንስ ልብወለድ ልብሶች ሁሉ ውስጥ ትልቁ ሐሳብ ይህ ይመስለኛል። ዓይናቸው ሦስት ሚሊሜትር የተዛነፈ ጥልፍ የሚያይ ሰዎች ይህን አለማየታቸው ያሳዝናል።

ሐሳቡ ባዶ ምኞት እንዳልሆነ ማስረጃ አለ። ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትለቅ እንደነበር፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ግን እንድትቆይ እንደለመናት ራሷ ተርካለች። ጥቁር ሴት በመኮንን ልብስ፣ በመርከቧ ማዘዣ ክፍል፣ ከሌሎቹ እኩል ተቀምጣ መታየቷ ምን ማለት እንደሆነ እሱ አይቶታል። በ1977 ደግሞ ለናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ጠፈርተኛ እንዲሆኑ የመመልመል ሥራ ጀመረች። ኡሁራን እያየች ያደገችው ሜይ ጄሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በቀጣዩ ዓመትም «ቀጣዩ ትውልድ» ላይ ለአንድ ክፍል ዩኒፎርሙን ለብሳ ታየች። እንግዲህ ንገሩኝ፦ ከሁሉም ልብሶች ትክክለኛው የጄሚሰን አይደለም? ስፌቱን ማንም አልለካም። ልብሱ ግን የተሠራበትን ዓላማ እዚያች ደቂቃ ላይ ፈጸመ።

ሌላም አለች። በ1996 ሊትል ሮክ ውስጥ የዋይትዋተር የፍርድ ሂደት ላይ ተጠባባቂ ዳኛ ሆና የተመረጠች አንዲት ሴት በየቀኑ የስታርፍሊት ዩኒፎርም ለብሳ ፍርድ ቤት ትመጣ ነበር። አገር ሳቀባት። በኋላ የተሰናበተችው ለጋዜጠኛ በመናገሯ እንጂ በልብሷ አልነበረም። እሷ ግን የምትለው ግልጽ ነበር፦ የተከታታዩን እሴቶች አምናለሁ፣ ስለዚህ እለብሳለሁ። እየሳቅን ያለፍነው ያንን ነው። ዳኝነት ተቀምጦ፣ ሰውን በእኩል ዓይን ለማየት ራስን የሚያስታውስ ልብስ መልበስ፣ ከሁሉም ቦታ ፍርድ ቤት ነበር የሚገባው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ለጨርቁ ጨካኝ ሁኑ። ቀለሙን ተከራከሩበት፣ ዚፑን ፈልጉ፣ ማስታወሻውን ቆፍራችሁ አውጡ፤ ልብሱ ማን እንደታሰበበትና ማን እንደተረሳበት የሚታወቀው እንዲህ ነው። የለባሹን ገላ ግን አትለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር የተሠራው ልብሱን ለሰው ለማስተካከል ነው፤ ሰውን ለልብሱ አይደለም።